ሙቀቱ የሚበረታው በማን ላይ ነው? የአህመዳባድ ከተማ ልምድ

በምዕራብ ህንድ በጉጃራት ግዛት፣ በሳባርማቲ ወንዝ ዳርና ዳር የተቆረቆረችው አህመዳባድ ለሙቀት እንግዳ አይደለችም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ ለነዋሪዋ የተለመደ ነገር ነው። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በሜይ 2010 የሆነው ግን ከልማዱ ያለፈ ነበር። የሙቀት መለኪያው 46.8 ዲግሪ አሳየ። በአማካይ በቀን መቶ ገደማ ሰው በሚሞትባት በዚህች የሚሊዮኖች ከተማ፣ በወሩ እጅግ በከፋው ቀን የሟቾች ቁጥር ከ300 በላይ ሆነ።

በወቅቱ የጉዳቱን መጠን በትክክል የተረዳው ሰው ጥቂት ነበር። ጎርፍ ሲመጣ ድልድይ ይሰበራል፤ የመሬት መንሸራተት ሲደርስ ቤት ይቀበራል፤ ሁሉም ያየዋል። ሙቀት ግን የሚገድለው በየቤቱ፣ በየጓዳው ነው። ሐኪሙም በሞት ማስረጃው ላይ የሚጽፈው የልብ ድካም፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የመተንፈሻ ችግር ነው። ልቡን ያደከመው ለቀናት ያልበረደ ክፍል መሆኑ በወረቀቱ ላይ አይሰፍርም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ሆነ። ተመራማሪዎች የማዘጋጃ ቤቱን የሞት መዝገብ አውጥተው የ2010ን ሜይ ከ2009 እና ከ2011 ተመሳሳይ ወር ጋር አነጻጸሩ። በሌሎቹ ሁለት ዓመታት በዚያ ወር በአማካይ 3,118 ሰዎች ሲሞቱ፣ በ2010 የሞቱት 4,462 ነበሩ። ልዩነቱ 1,344 ሰው ነው። በአንድ ወር ውስጥ የሟቾች ቁጥር በ43 በመቶ ጨምሮ ነበር ማለት ነው። ይህ አኃዝ እስኪወጣ ድረስ ሙቀት ለከተማዋ አስተዳደር የወቅቱ ጠባይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በጀትና ኃላፊ የሚያስፈልገው የሕዝብ ጤና ጉዳይ ሆነ።

በአንድ ሆስፒታል የተደረገው ጥናት ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የሆስፒታሉ የወሊድ ክፍል የሚገኘው በሕንጻው የመጨረሻ ፎቅ፣ በጥቁር ሬንጅ ከተሸፈነው ጣሪያ ሥር ነበር። ጥቁሩ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ታች ይለቀዋል፤ አራስ ሕፃን ደግሞ የገላውን ሙቀት በራሱ መቆጣጠር ገና አልቻለም። በሙቀት ምክንያት ወደ ጽኑ ሕክምና ክፍል የሚገቡ ሕፃናት በዝተው ነበር። ክፍሉ ወደ ምድር ቤት ከተዛወረ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚገቡት ሕፃናት ቁጥር በ64 በመቶ እንደቀነሰ ጥናቱ አረጋገጠ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አላስፈለገም፤ አልጋዎቹ ከላይ ወደ ታች ወረዱ። የትኛው ክፍል ከየትኛው ጣሪያ ሥር እንዳለና በውስጡ ማን እንደተኛ የጠየቀ ሰው በመኖሩ የተገኘ ውጤት ነው።

የከተማ የአየር ንብረት ሥራ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄም መልስ የሚያገኘው በዚሁ ደረጃ ነው። ሙቀት ለአንድ ከተማ ሁሉ እኩል አይከፋፈልም። አህመዳባድ በአንድ ዘመን የህንድ ማንቸስተር እየተባለች የምትጠራ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነበረች። ፋብሪካዎቹ በብዛት የተተከሉት ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ሲሆን፣ የሠራተኛው መንደርም እዚያው ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ብዙው ሠራተኛ ወደ ቀን ሥራ፣ ወደ ጋሪ መግፋት፣ ወደ ጉልት ንግድና ቤት ውስጥ ወደሚሠራ ስፌት ወረደ። ቤቱ ቆርቆሮ ወይም ስስ የሲሚንቶ ጣሪያ ያለው፣ ጠባብና መስኮቱ ያነሰ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ከውጭው ሊብስ ይችላል። ዋናው አደጋም የሚመጣው ከሌሊቱ ነው፤ ሰውነት ከቀኑ ድካም የሚያገግመው ሌሊት በሚያገኘው ቅዝቃዜ ነውና። ቀን በፀሐይ የዋለ ሠራተኛ ሌሊቱንም ካልቀዘቀዘ በማግስቱ ወደ ሥራ የሚወጣው የትናንቱን ጫና ተሸክሞ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ባለው ቤት የሚኖረው የከተማዋ ነዋሪ ያንኑ ሳምንት ያሳለፈው በኤሌክትሪክ ሂሳብ ብቻ ነው።

በ2013 አህመዳባድ የሙቀት መከላከያ ዕቅዷን ይፋ ስታደርግ በደቡብ እስያ የመጀመሪያዋ ከተማ ነበረች። ዕቅዱን ለማዘጋጀት ማዘጋጃ ቤቱን የረዱት በጎረቤቷ ጋንዲናጋር የሚገኘው የህንድ የሕዝብ ጤና ተቋምና መቀመጫውን በአሜሪካ ያደረገ አንድ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ድርጅት ነበሩ። የሰባት ቀን የአየር ትንበያውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይልክ የነበረው የአሜሪካው የጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሆን፣ በኋላ ሥራውን የህንድ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተረክቦታል። ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ርክክብ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ሲሄዱ ዕቅዱም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እዚህ ግን የዕቅዱ ባለቤት ከመጀመሪያው ማዘጋጃ ቤቱ ነበር፤ ረዳቶቹ ያቀረቡት መረጃ፣ ሥልጠናና ትንበያ ነው።

አሠራሩ ለማስረዳት ቀላል ነው። ትንበያው ከ43 ዲግሪ ሲያልፍ የብርቱካናማ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ 45 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ቀይ። ማስጠንቀቂያውን የማወጅ ኃላፊነት የተሰጠው ለአንድ ተጠሪ ሹም ነው። ቀዩ ምልክት በወጣ ዕለት ሹሙ ለሆስፒታሎች፣ ለአምቡላንስ አገልግሎት፣ ለውኃ ክፍሉ፣ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና ለመገናኛ ብዙኃን ያሳውቃል። እያንዳንዱ ተቋም በዚያ ቀን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ተጽፎ ተሰጥቶታል። አምቡላንሶች በረዶ ይይዛሉ፤ የሕዝብ መናፈሻዎች በቀትር እንዳይዘጉ ይደረጋል፤ የመጠጥ ውኃ ሰው በሚበዛባቸው ስፍራዎች ይቀርባል። መልእክቱ በአካባቢው ቋንቋ በጉጃራትኛ፣ በስልክና በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ይሠራጫል። የሰፈር ጤና ሠራተኞችም የሙቀት ሕመም ምልክቶችን እንዲለዩ ይሠለጥናሉ።

በ2017 ደግሞ ወደ ጣሪያው ተመለሱ። በድሃ ሰፈሮች የሚገኙ ወደ 3,000 የሚሆኑ ቤቶች ጣሪያ በበጎ ፈቃደኞችና በተማሪዎች እጅ ነጭ ኖራ ተቀባ። ነጭ ጣሪያ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ የቤቱን ውስጥ ሙቀት ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል። ኖራ ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሪክም አይጠይቅም። በዝናብ ስለሚታጠብ ግን በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ይህም ሥራው ለአንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ በጀት ውስጥ መግባት እንዳለበት ያሳያል።

በ2018 የታተመ ጥናት ዕቅዱ ከተጀመረ በኋላ ባሉት በ2014 እና በ2015 በዓመት በአማካይ 1,190 የሚገመቱ ሰዎች ከሞት እንደተረፉ ያመለክታል። አኃዙ ግምት ነው፤ ተመራማሪዎቹም ከዚያ በእጅጉ ሊያንስ ወይም ሊበዛ እንደሚችል አልሸሸጉም። ሆኖም ውጤቱ የህንድን መንግሥት ለማሳመን በቂ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዛሬ በአገሪቱ ከ20 በላይ ግዛቶች ተመሳሳይ ዕቅድ አላቸው።

ይሁን እንጂ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሰውን ከፀሐይ በራሱ አያወጣም። የቀን ሠራተኛ ‘ዛሬ አደገኛ ነው፣ ቤትዎ ይቆዩ’ የሚል መልእክት በስልኩ ሲደርሰው ምርጫው የቀኑን ደመወዝ ማጣት ወይም መውጣት ነው። አብዛኛው ይወጣል። መልእክቱ አልገባውም ማለት አይደለም፤ የማታው እንጀራ ስለሚያስጨንቀው ነው። የከተማ የአየር ንብረት ዕቅድ ፍትሐዊነት ከሁሉ በላይ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ፈተና በገዛ ገላቸው ያውቁታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለጉዳዩ የሰጠችው ምላሽ ከምክር ይልቅ ግዴታ ነው። በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀትር በኋላ ከ12፡30 እስከ 3፡00፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00፣ በቀጥታ ፀሐይ ሥር በሜዳ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አሠሪው ጥላ ያለው ማረፊያ፣ ማቀዝቀዣና የመጠጥ ውኃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ክልከላውን የሚጥስ አሠሪ በእያንዳንዱ ሠራተኛ 5,000 ድርሃም፣ በጠቅላላው እስከ 50,000 ድርሃም ይቀጣል። የአስፋልት ማንጠፍን፣ የኮንክሪት ሙሌትን ወይም የተቋረጠ ውኃና መብራት መጠገንን የመሰሉ ሊቆሙ የማይችሉ ሥራዎች ከክልከላው ውጭ ቢሆኑም፣ የአሠሪው ግዴታ አይቀርም። ጥሰት ያየ ሰው ለሰው ኃይልና ኤሚሬታይዜሽን ሚኒስቴር በስልክ ቁጥር 600590000 ማሳወቅ ይችላል።

በዚህ ሕግና በአህመዳባድ ዕቅድ መካከል ያለው ልዩነት ሊስተዋል ይገባል። የቀትር ዕረፍት የሚሠራው አሠሪ ባለበት ነው፤ ግዴታውን የሚሸከም፣ ሲጥስም የሚቀጣ ወገን አለና። በጉልት የምትነግድ ሴት ግን አሠሪዋ ራሷ ናት። በሕግ ዕረፍት አድርጊ ብትባል የምትቀጣው ራሷን ነው። በኤምሬቶችም ቢሆን በሞተር ብስክሌት ዕቃና ምግብ የሚያደርሱ ሠራተኞች ጉዳይ ሲመጣ፣ መንግሥትና ኩባንያዎች ማቀዝቀዣ ያላቸው ማረፊያ ጣቢያዎችን በየመንገዱ ወደ ማዘጋጀት ሄደዋል። ሥራው እየተዘዋወረ የሚሠራ ሲሆን ጥላው ወደ ሠራተኛው መሄድ አለበት።

ለራሳቸው የሚሠሩትን በተመለከተ ከአህመዳባድ ሌላ ሙከራ ተነሥቷል። በ1972 በኤላ ባት የተመሠረተው ሴዋ የተባለው የሴት ሠራተኞች ማኅበር በ2023 ለ21,000 ገደማ ለሚሆኑ አባላቱ የሙቀት መድን አስጀመረ። መድኑ ሐኪም ቤት መሄድን ወይም የጉዳት ማስረጃ ማቅረብን አይጠይቅም፤ የሙቀት መለኪያው ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ክፍያው በቀጥታ ይላካል። በ2024 የአባላቱ ቁጥር 50,000 ገደማ የደረሰ ሲሆን፣ ለእያንዳንዳቸው 400 ሩፒ፣ ማለትም አምስት ዶላር ያህል ተከፍሏቸዋል። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ነገር ግን ለአንዲት ጨው ሠሪ ወይም አትክልት ነጋዴ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቤቷ መዋል ማለት ሊሆን ይችላል።

በአፍሪካ ደግሞ የሴራሊዮኗ ፍሪታውን ይህንኑ ችግር በገበያ በኩል ያዘችው። ከተማዋ በኦገስት 2017 በደረሰባት የጭቃ ናዳ ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተውባታል ወይም ጠፍተውባታል። በማግስቱ ዓመት የተመረጡት ከንቲባ ኢቮን አኪ ሳውየር ተራራዎቹን መልሶ በዛፍ የማልበስ ሥራ ሲጀምሩ፣ ችግኝ ለሚተክሉና ለሚንከባከቡ ነዋሪዎች ክፍያ እንዲደረግ አደረጉ። በ2021 ደግሞ ዩጂኒያ ካርግቦ በአፍሪካ የመጀመሪያዋ የከተማ ሙቀት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ከቀደሙት ሥራዎቻቸው አንዱ በክፍት ገበያዎች ላይ ፀሐይን የሚመልስ ጣሪያ መዘርጋት ነበር። በነዚያ ገበያዎች ሴቶች ቲማቲሙ በፀሐይ ሲበላሽ ኪሳራውን፣ ልጃቸውን አዝለው ሲውሉ ደግሞ ሙቀቱን ይሸከሙ ነበር። አንድ ጥላ ሁለቱን ያቃልላል።

እነዚህ ምሳሌዎች የተሳኩ በመሆናቸው ነገሩ በሁሉም ቦታ እንዲሁ የሚሄድ ሊመስል ይችላል። እውነቱ ከዚያ የራቀ ነው። በኒው ዴልሂ የሚገኝ የፖሊሲ ጥናት ማዕከል በ2023 በ18 የህንድ ግዛቶች የወጡ 37 የሙቀት ዕቅዶችን መርምሮ ነበር። ይበልጥ ተጎጂ የሆነው ነዋሪ ማንና የት እንደሆነ በጥናት አረጋግጠው ያቀረቡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ለሥራው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ የገለጹት ደግሞ ሦስት ናቸው። የቀሩት አረጋውያንን፣ ሕፃናትንና የቀን ሠራተኞችን በደምሳሳው ጠቅሰው ያልፋሉ። የአህመዳባድን ወረቀት መቅዳት ቀላል ነው፤ ወረቀቱ የተገኘበትን የሞት መዝገብና የሰፈር ቆጠራ መቅዳት ግን አይቻልም። የራስን ማገላበጥ ይጠይቃል።

በዲሴምበር 2023 በዱባይ በተካሄደው የኮፕ 28 ጉባኤ የከንቲባዎችና የአካባቢ አስተዳዳሪዎች የአየር ንብረት ስብሰባ የጉባኤው አካል ሆኖ ሲካሄድ፣ የተነሣው ጥያቄም የገንዘብና የሥልጣን ነበር። ከ70 በላይ አገሮች ብሔራዊ የአየር ንብረት ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ ከከተሞቻቸው ጋር ለመመካከርና የገንዘብ ምንጩን አብረው ለማየት ቃል የገቡበትን ሰነድ ተቀብለዋል። ገንዘቡ በአገር ደረጃ ይገባል፤ ኖራው ግን የሚቀባው በሰፈር ነው።

የአዲስ አበባ ሁኔታ ከአህመዳባድ ይለያል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የሚያስጨንቃት ሙቀቱ ሳይሆን የክረምቱ ጎርፍ ነው። ዝናቡ በሁሉም ላይ እኩል ይዘንባል፤ ጎርፉ ግን ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። በዚያም የሚገኘው ሌላ ቦታ የመከራየት አቅም ያጣ ነዋሪ ነው። ከተማዋ ሲ40 የተባለው የዓለም ታላላቅ ከተሞች ኅብረት አባል ስትሆን፣ ከ2021 እስከ 2025 የሚዘልቅ የአየር ንብረት የድርጊት መርሐ ግብር አውጥታለች።

የፍትሐዊነት ጥያቄ በአዲስ አበባ ምን እንደሚመስል ከቆሼ የበለጠ የሚያስረዳ ስፍራ የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ሟቾቹ በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩና ከክምሩ ላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ። የመላው ከተማ ቆሻሻ የሚጣለው በእነርሱ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። በማግስቱ ዓመት ከዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ሙቀት አማቂ ጋዝ በመሆኑ፣ ቆሻሻውን መቀነስ ለአየር ንብረቱም ለከተማዋም ጥቅም አለው። ነገር ግን ወደ ምድጃው የሚገባው ላስቲክና ወረቀት ለለቃሚውና ለቆራሌው የዕለት ገቢ ነው። ዕቅዱ የጋዙን መጠን ብቻ ከቆጠረ ይህ ገቢ በሂሳቡ ውስጥ አይታይም። ለቃሚዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ቆሻሻውን ከምንጩ የሚለዩ ከሆነ ግን ጋዙም ይቀንሳል፣ ሥራውም ይቀጥላል።

መንገዱም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር ናቸው። ይህ ሕዝብ በከተማዋ አየር ላይ የሚጨምረው ጭስ የለም ለማለት ይቻላል፤ የመኪናውን ጭስ የሚተነፍሰው ግን እርሱ ነው። ስለዚህ የተጓዡን ቁጥር መነሻ አድርጎ የሚመደብ በጀት ለእግረኛ መንገድ፣ ለጥላ ዛፍና ለአውቶቡስ የሚሰጠው ድርሻ፣ የመኪናን ቁጥር መነሻ ካደረገው በእጅጉ ይለያል።

በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ በአዲስ አበባ ይካሄዳል። እስከዚያ ድረስ ሁለት ክረምት ካለፈ፣ በየወረዳው የጤና ጣቢያ መዝገብና በየወንዙ ዳር ያለው የቤት ቁጥር አብረው የሚታዩበት ጊዜ አለ ማለት ነው። አህመዳባድ ሥራዋን የጀመረችው ከእንዲህ ያሉ መዝገቦች ነበር፤ እነርሱን ለመክፈት ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ፈቃድና ጥቂት የሠለጠኑ ቆጣሪዎች በቂ ነበሩ።